ኮሌጅ ኢሉስትሬሽን እየተለማመድኩ ነው፤ ለሥነ ጥበብ ዲግሪ እንዴት ልዘጋጅ?

ሰማያዊ እርሳስ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ የግል ኮሌጅ ግራፊክስ እየተማርኩ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ልቤ ያለው ግን ኢሉስትሬሽን (ጽሑፍን የሚያጅብ ሥዕል) ላይ ነው። በተለይ ለልጆች ተረት ሥዕል መሥራት እወዳለሁ። ስጨርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ገብቼ ዲግሪዬን መያዝ እፈልጋለሁ።

ችግሬ እስካሁን የሠራሁት ሁሉ በታብሌት መሆኑ ነው። ባለፈው ጓደኛዬ ቤት መጥታ የእናቴን ጀበና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «በእርሳስ ሣዪው» አለችኝ። አንገቱ ተጣመመብኝ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ወረቀቱ ተቀደደ። ደግሞ እዚያ ኢሉስትሬሽን የሚባል ክፍል የለም ይሉኛል። ታዲያ ምን ልምረጥ? እናቴም «ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ትለኛለች፤ የምመልስላት ጠፍቶኛል።

ከሰልና ወረቀት
እህቴ፣ ሦስት ጊዜ ማጥፋትሽ ደስ ብሎኛል። ስህተቱ ታይቶሻል ማለት ነው። እኔ እዚያው ነው የተማርኩት። ለመግባት ስፈተን ከፊት ለፊታችን የተቀመጠውን ዕቃ እያየን በእርሳስ እንድንሥል ነበር የተጠየቅነው። የዘንድሮውን መስፈርትና የምዝገባ ቀን ግን ራስሽ ሄደሽ ሬጅስትራር ጠይቂ፤ በወሬ እንዳትመሪ።

አሁን ጀበናውን መልሰሽ አስቀምጪው። መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ። መጀመሪያ መሐሉን ከላይ እስከ ታች የሚከፍል ቀጭን መስመር አስምሪ። ክንድሽን ዘርግተሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ የአንገቱን ቁመት በእርሳስሽ ለኪ። ያ ልክ በሆዱ ላይ ስንት ጊዜ ይገባል? ከዚያ ጀበናውን እርሺውና በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሣዪ። ባዶው ከተስተካከለ አንገቱም ይስተካከላል። ላጲሱን ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ጥላ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኞቻችን በጥላ ቸኩለን ነው ቅርጹን የምናበላሸው።

ስለ ክፍሉ፦ ቀለም ቅብ አለ፣ ቅርጻ ቅርጽ አለ፣ የሕትመት ጥበብ አለ። የመጽሐፍ ሥዕል ለምትፈልግ ልጅ እኔ ሕትመትን እመክራለሁ። እንጨት ወይም ሊኖሊየም (ለስላሳ የወለል ንጣፍ) ፈልፍለሽ፣ ቀለም ቀብተሽ ወረቀት ላይ ስታትሚ የትኛው ጥቁር፣ የትኛው ነጭ እንደሚሆን ቀድመሽ መወሰን አለብሽ። ያ ውሳኔ ነው የመጽሐፍ ገጽን የሚያምር የሚያደርገው።

የወሎ ልጅ
ዕቃ ውድ ነው ብለሽ እንዳትቆሚ። የሥዕል ከሰል ቤት ይሠራል። ቀጫጭን የአኻያ ቅርንጫፍ ልጠሽ አድርቂ። የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አጨናንቀሽ ክደኚ፤ ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብሺው። ውጪ እሳት ላይ ጣጂው። በቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሲቆም አውርጂ፤ ሳይቀዘቅዝ ግን እንዳትከፍቺው፣ አየር ከገባ አመድ ይሆናል። እኔ ዓመቱን ሙሉ የሠራሁት በዚህ ነው።

ተረት ሣይ
የልጆች መጽሐፍ እየሣልኩ ነው የምኖረው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በተረት ብቻ አይደለም። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የጤና ፖስተር፣ የማስታወቂያ ስቶሪቦርድ (ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት ትዕይንቱን በተራ የሚያሳይ ሥዕል) ይመጣል። ለእናትሽ ይህን ንገሪያት። ሥራው በየወሩ እኩል እንደማይመጣም አትደብቂያት።

ፖርትፎሊዮሽ (ለማሳየት የምትሰበስቢው ሥራ) ውስጥ አንድ ሙሉ ተረት ይኑር። አንዷን ገጸ ባሕርይ ስትሮጥ፣ ስትተኛ፣ ስትናደድ፣ ከኋላም ሣዪያት፤ ሁሌ ያቺው መሆኗ መታወቅ አለበት። ጽሑፉን ደግሞ አትድገሚው። «ቀበሮዋ ወደ ገበያ ሄደች» የሚል ቢሆን፣ ቀበሮዋ ስትሄድ ብቻ ብትሥዪ ምን ጨመርሽ? ከዘንቢሏ አንዲት የዶሮ ላባ ብቅ ትበል። ማንበብ ያልቻለው ሕፃን ከሚያነብለት ሰው ቀድሞ ያውቃል። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

የታብሌት ሥራሽንም አትጣዪው። ሁለት ሦስቱን ከእርሳስ ንድፋቸው ጋር አያይዢ።

ከለንደን
እዚህ እንግሊዝ ብዙ ልጆች ከዲግሪው በፊት አንድ ዓመት ፋውንዴሽን የሚባል የመሰናዶ ትምህርት ይማራሉ። እኔም በዚያ ነው ያለፍኩት። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ የተጠናቀቁትን ሥዕሎቼን ቶሎ ቶሎ ገለጡና የስኬች ደብተሬ ላይ ቆዩ። የተሰረዘውን፣ ቡና የፈሰሰበትን ገጽ ሳይቀር እያዩ «እዚህ ጋ ለምን ሐሳብሽን ለወጥሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ ደብተርሽን አታሳምሪው፣ ገጽም አትቅደጂ። ታክሲ ስትጠብቂ ሊስትሮውን ሣዪ። ሰውየው ከመነሣቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ያለሽ፤ እጅሽ የሚፈታው እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ እናትሽን አንድ ቅዳሜ ይዘሻት ስድስት ኪሎ ሂጂ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቀድሞው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ሥዕሎቹን አብራችሁ እዩ። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ የወንጌላውያኑ ሥዕል አብሯቸው አለ። መጽሐፍን በሥዕል ማስጌጥ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም በያት። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚሣለውን፣ ሐረግ የሚባለውን ጌጥ እየቀዳሽ ተለማመጂ። ሥዕል ከፊደል ጋር ተስማምቶ እንዴት እንደሚቀመጥ ከዚያ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላምም ቺካጎ ቢማሩም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሣዮች ቤተሰብ የወጡ ናቸው።

ሰማያዊ እርሳስ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቅዳሜ እንሄዳለን። ትናንት ጀበናውን እንደተባልኩት ከባዶው ጀምሬ ሣልኩት። እጀታው ትንሽ ወፍሯል፣ አንገቱ ግን ቆሟል። እናቴ ቡና ልታፈላ ጀበናዋን ስትጠይቀኝ «እማዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት። በርጩማዋን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና እስክጨርስ ጠበቀችኝ።