ድራማ መተው ጾም ይባላል?

ጥያቄ፦
ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ከምግቡ ሌላ ማታ ማታ የማያቸውን ተከታታይ ድራማዎች ትቻለሁ። በጊዜ እተኛለሁ፣ ጠዋትም ቀለል ብሎኝ እነሳለሁ። ታላቅ እህቴ ግን "ይሄ ራስን ማሻሻል እንጂ ጾም አይደለም" አለችኝ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦
እህትህ ግማሽ እውነት አላት። ኢሳይያስ 58 ላይ ሕዝቡ ይጾማል፤ በዚያው ቀን ግን ሠራተኛውን ያስጨንቃል፣ ይጣላል። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ ለተራበ መቁረስ ነው። ስለዚህ የተውከው ነገር ወዴት እንደሄደ ተመልከት። የድራማው ሰዓት ለጸሎት ከዋለ፣ ወይም ካየኸው ለቆየህ ሕመምተኛ ከደረሰ ጾም ነው። (እንቅልፍም አይጠላም፣ ለነገሩ።)

ሌላ መልስ፦
ማቴዎስ 6 ላይ ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ተከታትለው ነው የመጡት፤ ሦስቱም በስውር። ለሥራ ባልደረቦችህ ካወራህ ግን ዋጋህን እዚያው ተቀበልክ።

ጠያቂው፦
ለእህቴ ብቻ ነው የነገርኳት! የድራማውን ወርሃዊ ክፍያ ግን አሁንም እየከፈልኩ ነው። አቋርጬ ለምጽዋት ላውለው?

መልስ፦
አቋርጠው። ይሄንን ግን ለእሷም አትንገራት።