ናሱ ላይ 2 ዲስክ ወደቀብን፣ ሪፔር ልበለው?

የፒያሳው ኤዲተር፦
ሰላም ቤቶች። ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራችን ሁሉ የሚቀመጠው አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ የገባበት ናስ (በኔትወርክ የሚጋራ የዲስክ ሳጥን) ላይ ነው፤ ሬድ 5፣ አንድ ዲስክ ቢሞት በቀሩት የሚሠራው ዓይነት። ከጥምቀት በፊት ዲስክ 3 ቀይ አበራ። ባለቤቱ "ሰርግ እየጠበቀን ሥራ አይቆምም" አለና በሦስቱ ቀጠልን። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስክ 1ም ወጣ። አሁን ቮልዩሙ (የዲስኮቹ የጋራ ማከማቻ) አይከፈትም። ዲስክ 1 ቋ ቋ አይልም፤ ማንበብ ይጀምርና ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይጠፋል። የጥር ሰርጎች በሙሉ እዚያ ናቸው፣ ካርዶቹ ፎርማት ተደርገዋል። የአንዷ ሙሽራ እናት ጠዋት ማታ ይደውላሉ። አዲስ ዲስክ ተገዝቷል። በዲስክ 3 ቦታ ከትቼ ሪፔር ልበለው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ክተተው እያለኝ ነው።

ሊኑክስ አፍቃሪ፦
የፍሪጁን ነገር እርሳው። ሲወጣ እርጥበት ሳህኖቹ ላይ ይቀመጣል፣ ሄዱ (ማንበቢያው) እዚያ ላይ ሲሮጥ አበቃለት። ናሱን አሁኑኑ አጥፋ።

ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ ሪፔሯን እንዳትነካት። ሪፔር ስትል ሪቢልድ ይጀምራል፤ ይህ ማለት አዲሱን ዲስክ ለመሙላት የቀሩትን ሦስት ዲስኮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ነው። ዲስክ 1 እኮ ማንበቡ ነው ያቃተው።

አዲሱን ዲስክ ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን። ዲስኮቹን አውጣ፣ በማርከር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለህ ጻፍባቸው። ዲስክ 1ን ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ላይ በሳታ ገመድ ሰካው፤ በዩኤስቢ አይሁን። ከዚያ በዲዲሬስኪው (ከታመመ ዲስክ ዳታ የሚቀዳ ፕሮግራም) ወደ አዲሱ ክሎን አድርገው፣ እንዳለ ገልብጠው ማለት ነው። መጀመሪያ ደህና ደህናውን ይወስዳል፣ የታመመውን ቦታ ዘሎ በኋላ ይመለስበታል። ማፕ ፋይሉን (የት እንደደረሰ የሚመዘግበውን) ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ። መብራት ቢሄድ ካቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው፤ የእኛን መብራት ታውቀዋለህ።

ዝም ብሎ የሚጠፋው የዴስክቶፕ ዲስክ ስለሆነ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ዲስክ የተበላሸ ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ክፍል) ሲገጥመው ከደቂቃ በላይ ሊታገል ይችላል። የናስ ዲስክ 7 ሰከንድ ገደማ ሞክሮ ይተወዋል። ሊኑክስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው የሚታገሠው። ታይምአውቱን (የሚታገሥበትን ጊዜ) 180 ሰከንድ አድርገው።

ዲስክ 3ን አትቀላቅል። የጥር ሰርጎች ሲጻፉ እሱ አልነበረም። በኤምዲአድም (የሊኑክስ የሬድ ማስተዳደሪያ) "ኤግዛሚን" ብትለው የኢቨንት ቁጥሩ (ሬዱ ሲለወጥ የሚጨምረው ቆጣሪ) ከሌሎቹ በጣም ወደኋላ ቀርቶ ታየዋለህ። ክሎኑን፣ 2ን እና 4ን ብቻ ይዘህ "አሰምብል ፎርስ" (በግድ አገጣጥም) በል፣ ሪድ ኦንሊ ማውንት አድርግ፣ ለማንበብ ብቻ ክፈተው ማለት ነው። አንዳንድ ጦማር ላይ "ክሪኤት" (ሬዱን እንደ አዲስ ፍጠር) በል የሚል ታገኛለህ። የዲስኮቹን ቅደም ተከተል ወይም የቸንኩን (ዳታው በየዲስኩ የሚከፋፈልበትን ቁራጭ) መጠን ከሳትክ ጉድህ ፈላ፣ አትሞክረው።

ሊኑክስ አፍቃሪ፦
2ን እና 4ንም ቢሆን ክሎን ሳያደርግ? አብረው የተገዙ ከሆነ ዕድሜያቸው አንድ ነው።

ጠጋኙ፦
ልክ ነህ፣ ዲስክ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ካልተገኘ ቢያንስ ስማርታቸውን (ዲስኩ ስለ ጤናው የሚይዘውን መዝገብ) ይይ፤ 197 ቁጥር፣ ማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች ብዛት፣ ዜሮ ካልሆነ እነሱንም ክሎን ያድርግ።

የፒያሳው ኤዲተር፦
ተከፈተ! 2 እና 4 ስማርታቸው ንጹህ ነው። ከዲስክ 1 ያልተነበበው 11 ሜጋባይት ብቻ ነው። የኢቨንቱም ነገር እንዳልከው ነው፣ ዲስክ 3 ብቻውን ወደኋላ ቀርቷል። የጥርን ፎልደሮች አስቀድሜ ወደ ውጭ ዲስክ እየገለበጥኩ ነው። የደዋይዋ እናት ሰርግ ደህና ነው፣ ኬክ ሲቆረስ ትንሽ ፒክስል ይበተናል እንጂ። አንድ የመልስ ክሊፕ ግን ጭራሽ አይከፈትም።

ጠጋኙ፦
ኬኩን በሁለተኛው ካሜራ ሸፍነው። ለመልሱ ክሊፕ አንትራንክን (የተበላሸ ቪዲዮ መጠገኛ ፕሮግራም) ሞክር። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ጤነኛ ክሊፕ ስጠው፤ በዚያ አስታኮ የተበላሸውን ሊጠግነው ይችላል። ግን ኮፒው ላይ ሥራ፣ ዋናውን አትንካ።