በሳንባ ውስጥ የተገኘ ትልቅ ሃይዳቲድ ሲስት፦ ክኒን ይበቃል ወይስ ቀዶ ሕክምናው አይቀርም?

ጠያቂ፦ የመንዙ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ መንዝ ውስጥ ገብስ እያረሱና በግ እያረቡ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከዓመት በላይ ሲያስላቸው ቆይቶ አክታቸው አልፎ አልፎ ደም ሲቀላቅል በአቅራቢያችን ባለ ጤና ተቋም ተመረመሩ። በአክታቸው የቲቢ ተሕዋስ ባይገኝም «ምልክቱ የቲቢ ነው» ተብሎ መድኃኒቱን ጀመሩ፤ አንድም ቀን ሳያቋርጡ ጨረሱት። ሳሉ ግን አልተዋቸውም። በቅርቡ ደብረ ብርሃን ወስደናቸው ራጅ ሲነሡ በቀኝ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል ድቡልቡል ጥላ ታየ፤ በሲቲ ስካን ደግሞ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ ሃይዳቲድ ሲስት እንደሚመስለው ነግሮን ወደ ደረት ቀዶ ሕክምና፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ጻፈልን።

አባቴ ግን «ደረቱ ተከፍቶ የዳነ ሰው አላየሁም» ብለው እንቢ አሉ። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ሕመሙ ከትል የመጣ ስለሆነ አልቤንዳዞል ከፋርማሲ ገዝተው ቢውጡ እንደሚሟሟላቸው ነገራቸው፤ እርሳቸውም ይህንን ምክር ወደዱት። ሌሎች ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ ነው የመጣባቸው ይላሉ። እውነት ክኒኑ ብቻውን ያድናቸዋል? ቀዶ ሕክምናው የጎድን አጥንት መስበርን ይጠይቃል? በዚህ ዕድሜያቸውስ ይችሉታል? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ለእርሳቸው አነብላቸዋለሁ።

መልስ፦ ቀዶ ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

ይህን የሚያህል የሳንባ ከረጢት በክኒን ብቻ ለማዳን መሞከር አይመከርም፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በራስ ፈቃድ አልቤንዳዞል መጀመር ደግሞ ከነጭራሹ ሊጎዳቸው ይችላል። አልቤንዳዞል ተሕዋሱን ሲያዳክም የከረጢቱንም ሽፋን ያሳሳዋል። ጉበት ጠጠር ያለ አካል ስለሆነ ከረጢቱን ዙሪያውን ይደግፈዋል፤ ሳንባ ግን በየትንፋሹ የሚነፋና የሚሟሽሽ ለስላሳ አካል በመሆኑ ሽፋኑ የሳሳ ከረጢት በቀላሉ ይፈነዳበታል። ሲፈነዳ ውሃው ወደ አየር ቧንቧ ይገባና ታማሚው በድንገት ጨው ጨው የሚል ውሃ፣ አንዳንዴም የተቀቀለ እንቁላል ስስ ሽፋን የመሰለ ነጭ ቁራጭ እያሳለ ያወጣል። እንዲህ ሆኖ ከረጢቱ ባዶ ቀርቶ የተሻላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ውሃው ኃይለኛ አለርጂ አስነሥቶ የደም ግፊትን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው፣ የቀረው ሽፋንም መግል ሊቋጥር፣ ተሕዋሱም ወደ ሌላው የደረት ክፍል ሊበተን ስለሚችል፣ ማንም ሐኪም ይህን ተስፋ አድርጎ አይጠብቅም።

ጎረቤትዎ የነገሯቸው ከአንጀት ትል ጋር ስለተምታታባቸው ነው። ለአንጀት ትል የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚዋጥ 400 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለሃይዳቲድ ግን ይኸው መጠን በቀን ሁለት ጊዜ ለወራት ይወሰዳል፤ በዚህም መካከል ጉበትና የደም ሴሎች በላቦራቶሪ መታየት አለባቸው። በክኒን ብቻ የምንሞክረው ከረጢቱ ትንሽ፣ በአብዛኛው ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን፣ ወይም ታማሚው ማደንዘዣ የማይችል ሲሆን ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፦ ማንም «በመርፌ ልቅዳው» ቢላችሁ እንዳትፈቅዱ። ለአንዳንድ የጉበት ከረጢቶች በጥንቃቄ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ለሳንባ ግን አይሆንም።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አባትዎ የሚፈሩት ሥራው ምን እንደሆነ ማንም በዝርዝር ስላልነገራቸው ይመስለኛል። የሚከፈተው ከብብት በታች ወደ ጀርባ በሚዞር መስመር፣ በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ነው፤ አጥንቶቹ በመሣሪያ ቀስ ተብለው ይራራቃሉ እንጂ እንደ ደንቡ አይሰበሩም። በማደንዘዣው ጊዜ የሚገባው የመተንፈሻ ቱቦ ሁለት መተላለፊያ ያለው ስለሆነ ግራው ሳንባ ብቻውን ሲተነፍስ ቀኙ ያርፋል፤ ይህም ለሥራው ከመመቸቱ በላይ፣ ከረጢቱ ቢፈነዳ እንኳ ውሃው ወደ ደህናው ሳንባ እንዳይወርድ ይከላከላል። ከዚያ ዙሪያው ብዙ ጨው በያዘ ውሃ በራሰ ጎዝ ይሸፈናል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ብታመልጥ በውስጧ ያለው የተሕዋሱ ዘር እንዲሞት ማለት ነው። ውሃው ይመጠጣል፣ ነጩ ሽፋን ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው፦ ከረጢቱ በነበረበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የሚከፈቱት ጥቃቅን የአየር ቧንቧዎች አንድ በአንድ እየተፈለጉ ይሰፋሉ። ማደንዘዣ ሰጪው ሳንባውን በትንሹ ሲነፋው ጉድጓዱ ውስጥ በፈሰሰው ውሃ ላይ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው። በመጨረሻም ጉድጓዱ ራሱ በስፌት ይዘጋል። የሳንባው ክፍል ጨርሶ ካልተበላሸ በስተቀር ከሳንባው የሚቆረጥ የለም፤ ተጨቁኖ የነበረው ሳንባ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይነፋል።

ዕድሜያቸው ብቻውን እንቅፋት አይሆንም። የትንፋሽ አቅማቸው፣ ልባቸውና ደማቸው ይመረመራል። በዚያ ደጋ ከበግ ጋር ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ የኖሩ ሰው ከብዙ የከተማ ሰው የተሻለ ሳንባ ቢኖራቸው አይገርመኝም፤ ትንባሆ የሚያጨሱ ከሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።

መልስ፦ ከአንኮበር የታከመች

ወንድሜ፣ ለአባታችን እኔን ንገራቸው፤ ደረቱ ተከፍቶ የዳነ ሰው አለ። የእኔ በግራ በኩል ነበር። በመጀመሪያ ምች ነው፣ ቀጥሎ የሳንባ ምች ነው ሲሉኝ ከርመው ነው የተደረሰበት።

ሐኪሙ ያልጻፈውን እኔ ልጨምር። ከማደንዘዣው ስነቃ ከጎኔ ቱቦ ወጥቶ መሬት ላይ ከተቀመጠ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ጋር ተያይዞ አየሁ። ባሳልኩ ቁጥር ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ይንቦቀቦቅ ነበር። ሳንባዬ የተቀደደ መስሎኝ በጣም ደነገጥኩ፤ ነርሷ ግን አየሩ እየወጣ መሆኑን፣ አረፋው ሲያቆም ቱቦው እንደሚነቀል አስረዳችኝ። አስታማሚ ሆነህ የምትሄደው አንተ ከሆንክ ጠርሙሱን ከደረታቸው በላይ ከፍ አድርገህ እንዳትይዘው፣ ሲራመዱም ቱቦው እንዳይታጠፍ ተጠንቀቅ፤ ጠያቂ ሲበዛ አንዱ በእግሩ ሊደፋውም ይችላልና ከአልጋው ሥር በደንብ አስቀምጠው።

ሕመሙ አለ፤ የለም ብዬ አልዋሽም። ከሁሉ የሚከብደው ማሳል ነው። ትራስ ቁስሉ ላይ ግጥም አድርገው ይዘው እንዲያስሉ አድርጓቸው፣ ሕመም በርትቶባቸው ሳሉን እንዳያፍኑት። አክታው ውስጥ ከቀረ ሌላ ችግር ያመጣል። የማስታገሻው መርፌ ሰዓቱ ሲደርስ አስታውሳቸው፤ ሽማግሌዎቻችን «ቻልኩት» ማለት ስለሚወዱ አይጠይቁም።

በአንድ ነገር ግን ከዶክተሩ ጋር አልስማማም። እኔ አልቤንዳዞል ከቀዶው በፊት ታዞልኝ ወስጃለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

መልስ፦ ቀዶ ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

እህቴ፣ ጥሩ አድርገው ጽፈዋል። ጉዳዩ ከታማሚ ወደ ታማሚ ይለያያል። ጉበት ላይም ከረጢት ካለ፣ ወይም ከረጢቶቹ ብዙና ትንንሽ ከሆኑ፣ ሐኪሙ አስልቶ ለአጭር ጊዜ ከቀዶው በፊት ሊያዝዝ ይችላል። እኔ የተቃወምኩት ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሳንባ ከረጢት ይዞ፣ ማንም ሳይከታተል ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥን ነው።

ስለ ጠርሙሱ ያነሡት ደስ ብሎኛል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1875 ጀርመናዊው ሐኪም ጎትሃርድ ቡላው በሳንባ ዙሪያ የተቋጠረ መግልን ለማውጣት ሲጠቀምበት ከነበረው ብዙም አልተለወጠም። ውሃው እንደ በር ሆኖ ከደረት የሚወጣውን አየር ያሳልፋል፣ ከውጭ የሚገባውን ይከለክላል።

መልስ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ስለ ጥሬ ሥጋው የተባለውን ላርም። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ነው፤ ይህ በሽታ ግን የሚመጣው ከውሻ ነው። ትሏ በውሻ አንጀት ውስጥ የምትኖር፣ ርዝመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ናት፤ እንቁላሏ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣር፣ በውሃና በጓሮ አትክልት ላይ ይቀራል፣ የውሻው ፀጉር ላይም ይጣበቃል። በግ ሣሩን ስትግጥ፣ ሰው ደግሞ ውሻውን ደባብሶ ባልታጠበ እጁ ሲበላ ወይም ያልታጠበ ቅጠል ሲመገብ ይይዘዋል። እንቁላሉ ድርቀትና ሙቀት አይችልም፤ እንደ መንዝ ያለ ብርዳምና እርጥብ አገር ግን ለወራት ያቆየዋል።

ዑደቱን የምንዘጋው እኛው ነን፣ የምንቀጥለውም እኛው። በፋሲካም ሆነ በሌላ በዓል በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጭ፣ ውሃ የያዘ እብጠት ከተገኘ «ይህ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ይህ ልማድ ነው ዋናው ጥፋት። በቄራ የሥጋ መርማሪ እንዲህ ያለውን ሳንባ ለይቶ ያስወግደዋል፤ በየቤቱ ለሚታረደው ግን መርማሪው አራጁ ራሱ ነው። ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። የእረኛ ውሾቻችሁም በእንስሳት ሐኪም በኩል ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት በየጊዜው ቢሰጣቸው መልካም ነው። ከአባትህ ጋር የሚኖሩት የቤተሰቡ አባላትም ከዚያው ግቢና ከዚያው ውሻ ጋር ስለኖሩ በአልትራሳውንድና በራጅ ቢታዩ ይሻላል።

ጠያቂ፦ የመንዙ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ለአባቴ አነበብኩላቸው። የአንኮበሯ እህቴ የጻፈችው ላይ ሲደርሱ «አንዴ ድገመው» አሉኝ፤ እስካሁን እሺ ባይሉም «ቄሱን ላማክር» ብለዋል። ከእርሳቸው የመጣ ሁለት ጥያቄ አለ። ከቀዶው በኋላ የሚወሰደው ክኒን ጾምን ያስፈታል ወይ? ደግሞስ ተመልሶ አይመጣም ወይ?

መልስ፦ ቀዶ ሐኪም፣ ሰሜን ሸዋ

አልቤንዳዞል ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ግን አብዛኛው ሳይጠቅም ይወጣል። ቅባቱ የግድ ቅቤ ወይም ወተት መሆን የለበትም፣ ዘይት የገባበት የጾም ወጥም ይሆናል። አስቸጋሪው የጾም ሰዓቱ ነው፤ ክኒኑ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው አይመችም። በዚህ ላይ ቁስል የሚጠግን ሰው በደንብ መብላት አለበት። ይህን ለንስሐ አባታቸው እንዲህ ብለው ቢያስረዱ፣ እኔ ከማውቃቸው ካህናት ለታማሚ የሚከለክል አላጋጠመኝም።

መመለስ የሚችለው ዘሩ በቀዶው ጊዜ ከፈሰሰ፣ ወይም ሌላ ያልታየ ከረጢት ካለ፣ ወይም ከዚያው ውሻ እንደገና ከተያዙ ነው። ከቀዶው በኋላ ክኒኑ ለወራት የሚሰጠውም፣ ክትትሉ ለዓመታት የሚቀጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አስደርጉ፦ የጉበት አልትራሳውንድ። ይህ ከረጢት ከሁሉ በላይ የሚበዛው በጉበት ነው፤ የቀኝ ሳንባ ታችኛው ክፍል ደግሞ በጉበቱ አናት ላይ፣ ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። በጉበቱ አናት ላይ ሌላ ከረጢት ካለ ቀዶ ሐኪሙ በአንድ ማደንዘዣ ሁለቱንም በዚያው በኩል ሊያወጣቸው ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የሲቲውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን፣ የቀድሞውን ራጅና የቲቢ ሕክምና ካርዳቸውን አብራችሁ ያዙ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደብተሩ የታደሰ መሆኑን፣ ሪፈሩም ማኅተም እንዳለበት ከደብረ ብርሃን ሳትወጡ አረጋግጡ። ከተለቀቁ በኋላ ወዲያው በአውቶቡስ ወደ መንዝ አይመለሱ፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካላችሁ ስፌቱ እስኪወጣና የቁጥጥር ራጅ እስኪነሡ እዚያው ይቆዩ። እስከዚያ ድረስ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ጨዋማ ውሃ ካሳላቸው፣ ሰውነታቸው ሽፍ ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል አድርሷቸው፣ ለተረኛውም ሐኪም በሳንባቸው ውስጥ ሃይዳቲድ ሲስት እንዳለ በመጀመሪያ ንገሩት።