«ደመወዙን የከፈለ ክለብ ዕዳ የለበትም» ይባላልን? በሉካ ዶንቺች ዝውውር ላይ የተነሣ ክርክር

የዳላስ ነዋሪ፦
ትናንት በዚህ ቡድን ውስጥ፣ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የሚጫወተው የዳላስ ማቬሪክስ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው፣ ኮከቡን ሉካ ዶንቺችን ያዛወረው የኒኮ ሃሪሰን መባረር ሲነሣ፣ «ውልና ማስረጃ» የተባሉት ወንድማችን «ደመወዙን በሙሉ የከፈለ ክለብ ለተጫዋቹ ምንም ዕዳ የለበትም» ብለው ጽፈዋል፤ በርካታ አባላትም ደግፈዋቸዋል። ይህን አነጋገር በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም። ሉካ ዶንቺች እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ቅዳሜ፣ በእኛ በዳላስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በአንቶኒ ዴቪስ ተለውጦ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ መዛወሩ በድንገት ሲሰማ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን በጨዋታ በአማካይ 33.9 ነጥብ እያስቆጠረ የሊጉ ቀዳሚ ሆኖ፣ ቡድኑንም እስከ ፍጻሜ አድርሷል። እንዲህ ያለው ልጅ ሲሸጥ እሱም ሆነ ወኪሉ አንዳች አልተነገራቸውም። በማግስቱ ደጋፊው ከስታዲየሙ ፊት ለፊት በክለቡ የቀድሞ ኮከብ በዲርክ ኖቪትስኪ ሐውልት ሥር ተሰብስቦ አበባ ሲያኖር፣ ጭራሽ የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ሲመጣ እኔም ከልጄ ጋር እዚያው ነበርሁ። በሐውልቱ ግርጌ ታማኝነት ከቶ እንደማይደበዝዝ የሚናገር ቃል ተቀርጿል። ልጄ የዶንቺችን 77 ቁጥር ማሊያ እንደ ለበሰ ያንን አንብቦ «ታዲያ ለምን ሸጡት?» ሲለኝ «ደመወዙን ከፍለውታል» ብዬ ልመልስለት ኖሯል?

ውልና ማስረጃ፦
የልጅዎን ኀዘን አከብራለሁ፤ ቃሌን ግን አላነሣም። ዶንቺች በ2021 የፈረመው ውል የአምስት ዓመትና የ207 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ክለቡ ያጓደለው አንድ ሳንቲም የለም። በውሉ ውስጥ «ያለ ፈቃዴ አልዛወርም» የሚል አንቀጽ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ለማግኘት ስምንት ዓመት በሊጉ፣ አራት ዓመት ደግሞ በክለቡ መቆየት ስለሚያስፈልግ ሊኖርም አይችልም ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ መብት የነበራቸው ሌብሮን ጄምስና ብራድሊ ቢል ብቻ ነበሩ። ደግሞስ ዶንቺች ራሱ ወደ ዳላስ እንዴት መጣ? በ2018 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አትላንታ በሦስተኛነት መረጠው፤ በዚያው ምሽት በትሬ ያንግ ተለወጠና መጣ። ያኔ «ክህደት» ያለ ዳላሳዊ አላየሁም።

ቁጥር ይናገር፦
ውልና ማስረጃ፣ በገንዘብ ሚዛንም ቢሆን አባባልዎ አይቆምም። ዶንቺች በዳላስ ቢቆይ ኖሮ በ2025 በጋ አምስት ዓመት የሚሸፍንና ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል የመፈረም መብት ነበረው። ይህን መብት ያገኘው በሜዳ ላይ በሠራው ሥራ ነው፤ በአምስት ተከታታይ ዓመታት በሊጉ ምርጥ አምስት ውስጥ ተመርጧልና። ሕጉ ግን ይህን ውል የሚፈቅደው ካሳደገው ክለብ ጋር ብቻ ነውና፣ የተዛወረ ዕለት መብቱ ከእጁ ወጣ። በኦገስት 2025 ከሌከርስ ጋር የፈረመው የሦስት ዓመትና የ165 ሚሊዮን ነው። ቴክሳስ የግዛት የገቢ ግብር የላትም፤ ካሊፎርኒያ ግን አላት። ስለዚህ «ምንም ዕዳ የለበትም» ከማለትዎ በፊት በዲሴምበር 2022 በኒውዮርክ ላይ 60 ነጥብ፣ 21 ሪባውንድ (ከቀለበት ተመልሶ የተያዘ ኳስ) እና 10 አሲስት (ለነጥብ የበቃ ቅብብል)፣ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በአትላንታ ላይ 73 ነጥብ ያስገኘለት ዋጋ የት እንደ ገባ ያስረዱን።

ውልና ማስረጃ፦
ያልተፈረመ ውል ዕዳ ሊሆን አይችልም። ሦስት ዓመት ብቻ የፈረመውም አስቦበት ነው፤ በ2028 በሊጉ አሥር ዓመት ስለሚሞላው ከፍተኛውን ደመወዝ እንደገና መጠየቅ ይችላል። ነጥቡንም ሪባውንዱንም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ያስቆጠረው ሁሉ በደመወዙ ውስጥ የታሰበ ነው። ስለ ሰውነቱ ዝግጁነት ክለቡ ሥጋት እንደ ነበረው በሰፊው ተዘግቧል። ሃሪሰንም መከላከል ዋንጫ ያመጣል ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ስሌቱ ስሕተት ነበር ቢባል እስማማለሁ። ስሕተትና ክህደት ግን ለየቅል ናቸው።

የቶሮንቶ እህት፦
እኔ ይህን ነገር በ2018 ኖሬበታለሁ። ደማር ደሮዛን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቶሮንቶን ማሊያ ለብሷል። በ2016 ውሉ ሲያበቃ ሌላ ክለብ እንኳ ሳያነጋግር ፈረመ፤ ትልልቆቹ ኮከቦች ከካናዳ በሚሸሹበት ዘመን ይህች ከተማ የእኔ ናት ያለ ሰው ነበር። በጁላይ 2018 በካዋይ ሌናርድ ተለወጠና ወደ ሳን አንቶኒዮ ሄደ። ያማረረውም በመዛወሩ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ነገር ተነግሮኝ ሌላ ሆኖ አገኘሁት፣ እንግዲህ አላምናቸውም ነው ያለው። የክለቡ ፕሬዚዳንት ማሳይ ኡጂሪም በአነጋገራቸው ክፍተት እንደ ነበረ አምኖ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ውልና ማስረጃ ወንድሜ፣ ዕዳ የሌለበት ሰው ስለ ምን ይቅርታ ይጠይቃል?

የሌከርስ ወዳጅ፦
የቶሮንቶ እህታችን፣ በ2019 ዋንጫውን ያመጣላችሁ ያው ልውውጥ አይደለምን? የሌናርድ ኳስ በፊላዴልፊያ ላይ ቀለበቱን አራት ጊዜ ነጥራ ስትገባ ከተማው በሙሉ በደስታ ሰክሮ ነበር። በዋንጫው ደስ ብሎን በልውውጡ እናዝናለን ማለት አይከብድም?

የቶሮንቶ እህት፦
አይከብድም። ዋንጫው የዛሬም ደስታዬ ነው፤ ሌናርድ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥሎን ወደ ክሊፐርስ ቢሄድም የሠራውን አልረሳም። ነገር ግን ዋንጫ የተበደለን ሰው በደል አያጥብም። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ዳላስ በሜይ 2025 በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ዕጣ በ1.8 በመቶ ዕድል የመጀመሪያውን ምርጫ አግኝቶ ወጣቱን ኩፐር ፍላግን ስለ ወሰደ፣ ልጁ አንድ ቀን ዋንጫ ቢያነሣ ሃሪሰን ትክክል ነበር ልንል ነው። የዕጣ ኳስ እንዴት ወጣ በሚለው የሰው ታማኝነት አይመዘንም።

የዳላስ ነዋሪ፦
እህቴ እግዜር ይስጥሽ፤ በዚህ ከተማ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ «ፍላግን አገኘን፣ እንርሳው» የሚሉትን።

ቁጥር ይናገር፦
የአይዛያ ቶማስን ነገር ያላነሣችሁት ይገርመኛል። በኤፕሪል 2017 እህቱ በመኪና አደጋ ሞተች፤ በማግስቱ ለቦስተን ተሰልፎ 33 ነጥብ አስቆጠረ። ሜይ 2፣ እህቱ በተወለደችበት ቀን፣ በዋሺንግተን ላይ 53 ነጥብ አገባ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዳሌው ተጎድቶ ነበር። በኦገስት ወደ ክሊቭላንድ ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ብቃቱን አላገኘውም። ቦስተን ደመወዙን በወቅቱ ከፍሏል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ታዲያ ከዚያ ወዲህ በየክለቡ ያሉ ተጫዋቾች «ታምሜ ልጫወት ወይስ ልረፍ?» ብለው ሲያመነቱ ለምን እንደ ሆነ ማንም ሊጠይቃቸው አይገባም።

ውልና ማስረጃ፦
የቶማስ ነገር ልብ ይነካል፤ እኔም ያን ምሽት አይቼ አልቅሻለሁ። ግን ቶማስ የተለወጠው በማን ነበር? በካይሪ ኧርቪንግ ነው፤ ኧርቪንግ ደግሞ ከሌብሮን ጋር መጫወት አልፈልግም ብሎ ክሊቭላንድን ራሱ ልቀቁኝ ያለ ነው። ያው ኧርቪንግ በኦክቶበር 2018 በቦስተን ደጋፊ ፊት ከተቀበላችሁኝ እዚሁ እፈርማለሁ ብሎ፣ በ2019 ወደ ብሩክሊን ሄደ። አንቶኒ ዴቪስስ? በጃንዋሪ 2019 ኒው ኦርሊንስን ውሉ ሳያልቅ ልቀቁኝ አለ። ተጫዋች ሲሄድ መብቱ ነው እንላለን፤ ክለብ ሲያዛውር ከሃዲ እንለዋለን። እኔ የምቃወመው ይህን አድልዎ ነው።

የዳላስ ነዋሪ፦
ዴቪስ ልቀቁኝ ሲል በአደባባይ ተናገረ፤ ኒው ኦርሊንስም ለመደራደር ወራት አገኘ። ኬቨን ዱራንት በ2016 ኦክላሆማን ሲተው ማሊያው ተቃጥሏል፤ ነገር ግን ውሉ አብቅቶ፣ ቀኑ ታውቆ፣ ሁሉም እየጠበቀ ነው የሄደው። እኔ መዛወርን አልቃወምም። የምቃወመው ከአንድ ልጅ ጋር በየቀኑ እየተጨባበጡ አንድ ወር ያህል ከጀርባው መነጋገርን ነው። አሰልጣኙ ጄሰን ኪድ እንኳ የሰማው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ይህንንም ልጨምር። ያ ምስጢር እንዴት አልወጣም? ሃሪሰን ወደ ዳላስ ከመምጣቱ በፊት የናይኪ ባለሥልጣን ነበር፤ የሌከርሱ ሥራ አስኪያጅ ሮብ ፔሊንካ ደግሞ የሌከርስ ኮከብ የነበረው የኮቤ ብራያንት ወኪል ነበር። ሁለቱ በኮቤ በኩል ለብዙ ዓመታት የሚተዋወቁ ናቸው። በዚህ በኤንቢኤ ወሬ በደቂቃ በሚሾልክበት ዘመን ሁለቱ ሰዎች ቃላቸውን ጠብቀው ቆዩ። እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ መተማመን የለም፣ ገንዘብ ብቻ ነው የምትሉን ተሳስታችኋል፤ መተማመን ነበረ፤ ለሥራ አስኪያጆቹ ነበረ፤ ለተጫዋቾቹ አልነበረም። ለዴቪስም ጭምር ማለቴ ነው፤ እሱም ከሆዱ ጉዳት በማገገም ላይ ሳለ በድንገት ነው የሰማው።

የሌከርስ ወዳጅ፦
ስለ ኮቤ ካነሣችሁ አንድ ነገር ልናገር። ኮቤ በ2007 ልቀቁኝ ብሎ በሬዲዮ እስከ መናገር ደርሶ ነበር። ክለቡ ግን አልለቀቀውም፤ ታገሠው፣ አነጋገረው፣ ፓው ጋሶልን አመጣለት። በ2009ና በ2010 ሁለት ዋንጫ ሆነ። በኖቬምበር 2013 ደግሞ ኮቤ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ገና ወደ ሜዳ ሳይመለስ ሁለት ዓመት የሚሸፍን የ48.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። ዕዳ ማለት ይህ ነው፤ ተበዳሪው ሳይጠየቅ ከፈለ።

ውልና ማስረጃ፦
ይህን ማስረጃ ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ለእኔ ይመሰክራልና። ከዚያ ውል በኋላ ሌከርስ ምን ሆነ? 27 ድል፣ ቀጥሎ 21፣ ቀጥሎ 17። የክለቡን ታሪክ ያዋረዱ ዓመታት ናቸው። የደመወዝ ጣሪያ ባለበት ሊግ ውስጥ ለትናንት ውለታ የሚከፈል ገንዘብ ለነገ ተጫዋች የማይከፈል ገንዘብ ነው። ይህን የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ በውለታ ብቻ መወሰን የለበትም።

የሌከርስ ወዳጅ፦
በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አዳራሹን ማን ሞላው? በኤፕሪል 13 ቀን 2016 ኮቤ በመጨረሻ ጨዋታው 60 ነጥብ ሲያስቆጥር ለ17 ድል ቡድን የነበረውን ሕዝብ አስታውሱ። ሌብሮንም በ2018 የመጣው ወደዚሁ ክለብ ነው፤ አንድ ኮከብ እዚያ እንዴት እንደሚከበር አይቷልና።

ቁጥር ይናገር፦
ሌብሮን ለምን እንደ መጣ ልቡን አላየንም፤ ይህን እንደ ማስረጃ አንቁጠረው። የዲርክን እንቁጠር። በ2014 ከሌሎች ክለቦች እጅግ የበለጠ ገንዘብ ማግኘት ሲችል፣ ዳላስ ጠንካራ ቡድን እንዲሠራ ብሎ በሦስት ዓመት 25 ሚሊዮን ብቻ ፈረመ። 21 ዓመት በአንድ ማሊያ ኖረ። ያ ገንዘብ በየትኛው ውል ተጽፎ ነበር? ክለቡ ከተጫዋቹ ውለታ ሲቀበል ሕግ አልጠቀሰም። ሲመልስ ነው ሕግ የሚጠቀሰው። ዲርክም ዶንቺች ለሌከርስ መጀመሪያ የተሰለፈ ዕለት ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ ከተመልካቹ መካከል ተቀምጧል።

ውልና ማስረጃ፦
ዲርክ በፈቃዱ የሰጠውን ስጦታ ሌላው በግድ መክፈል አለበት ማለት ስጦታውን ማርከስ ነው።

የቶሮንቶ እህት፦
ኤፕሪል 9 ቀን 2025ን እንዴት ያዩታል? ዶንቺች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳላስ ሲመለስ ክለቡ በየወንበሩ ላይ በስሎቬንኛ የምስጋና ቃል የተጻፈበት ካናቴራ አኖረ፤ የሠራውን ሁሉ በትልቁ ስክሪን አሳየ፤ ልጁም ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ 45 ነጥብ አስቆጠረ። ምንም ዕዳ እንደሌለበት የሚያምን ክለብ ይህን አያደርግም።

ውልና ማስረጃ፦
ምስጋና ነው እንጂ ዕዳ አይደለም፤ ሰው ያልተበደረውንም ያመሰግናል። መተማመን ፈርሷል የሚለውን ክርክራችሁን የሚፈትነው ፍላግ ነው። በ2028 በጋ ውሉን ለማራዘም ይበቃል። ከፈረመ፣ ተጫዋቾች ከስሜት ይልቅ ውልን እንደሚያዩ ያን ጊዜ ታምናላችሁ።

የዳላስ ነዋሪ፦
አላምንም። ሕጉ ትልቁን ገንዘብ ካሳደገው ክለብ ጋር አስሮታልና ፍላግ ቢፈርም ስለ መተማመን አንዳች አያስረዳም፤ ዶንቺችም በ2021 ፈርሞ ነበር።