ዝምተኛ ነኝ፣ የምሠራው ባንክ ካውንተር ላይ ነው፤ ለጠባዬ የሚሆን ሥራ ድሬ ውስጥ ምን አለ?

የሳቢያኗ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 25 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ አንድ የግል ባንክ ውስጥ ቴለር ነኝ። ቤተሰብ እየደገፍኩበት ስለሆነ ሥራውን አልንቀውም። ግን ከሰዓት በኋላ ላይ ሰው ሲያናግረኝ መልስ መስጠት ያቅተኛል። ሰልፉ፣ ጩኸቱ፣ "ፍጠኚ እንጂ!" የሚለው ሁሉ ያደክመኛል፤ ቤት ገብቼ ከእናቴ ጋር እንኳ ማውራት አልፈልግም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ግን ደስ ይለኛል። የአንዱ ካዝና ጎድሎ "ስህተቱን ፈልጊ" ሲሉኝ ሰዓቱ መሄዱ አይታወቀኝም።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የባሕርይ ፈተና ሠርቼ "አይ ኤን ኤፍ ፒ" ነሽ አለኝ፤ ደራሲ፣ አማካሪ ወይም ሠዓሊ ብትሆኚ ይሻልሻል ይላል። ልመነው? ጓደኛዬ ትራንዚት ቢሮ (የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ቢሮ) ግቢ ትላለች፣ አክስቴ ደግሞ አስተማሪ ሁኚ ትላለች። የምታውቁትን ንገሩኝ።

መምህር ዘድሬ፦ እህቴ፣ ሳይኮሎጂ ስለማስተምር ስለ ፈተናው ልንገርሽ። ያ የአራት ፊደል ነገር መነሻው ካርል ዩንግ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ሐሳብ ነው። አሜሪካዊቷ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ወደ መጠይቅ ለወጡት፤ 16 ዓይነት ሰው አለ ይላል። ችግሩ ሰውን ለሁለት መክፈሉ ነው። አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ስለሆነ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ድጋሚ ሲፈተን ፊደሉ የሚቀየርበት ብዙ ነው። የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው ሠራተኛ ለመምረጥ አትጠቀሙበት ይላሉ። ስልክ ላይ በነፃ የሚገኙት ደግሞ አብዛኞቹ ዋናው ፈተናም አይደሉም።

ያንቺን ውጤት እንኳ ተመልከቺው። የመጨረሻዋ ፊደል ነገሮችን ሳይቋጩ ክፍት መተው የሚመቸው ሰው ምልክት ናት። አንቺ ግን ሒሳብ ሲዘጋ ነው ደስ የሚልሽ! ለሥራ ምርጫ የጆን ሆላንድ አከፋፈል ይሻላል፤ ሰውንም ሥራንም በስድስት ይመድባል፦ በእጅ የሚሠራ፣ የሚመረምር፣ የሚፈጥር፣ ሰው የሚረዳ፣ የሚነግድና የሚመራ፣ መዝገብና ሥርዓት የሚወድ። የአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር "ኦኔት" በሚለው ድረ ገጹ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ባለ 60 ጥያቄ መጠይቅ በነፃ አስቀምጧል። እንግሊዝኛ ነው፤ ሥሪውና ከላይ የሚወጡልሽን ሁለቱን ጻፊልኝ። ከአነጋገርሽ የመመርመርና የመዝገብ ነገር ይታየኛል። እንደዚያ ከሆነ ሙያሽ አልከፋም፣ የከፋው የተቀመጥሽበት መስኮት ነው።

ሐረርጌዋ፦ መምህር፣ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን "ዝምተኛ ሰው ከሰው ይራቅ" ተብሎ እንዳይወሰድ። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ሐረር ውስጥ አስተምራለሁ፤ ክፍሌ ሙሉ ነው። ይደክመኛል፣ ግን ልጆቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ አብረን ነን፣ የምናገረውን ማታ አዘጋጅቼ ነው የምገባው። ካውንተር ላይ ሁሉም እንግዳ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል። የኔ እህት፣ የሚያደክምሽ ሰው ነው ወይስ የማያቋርጥ እንግዳ? ይህን ሳትለዪ ማስተማርን አትሰርዢ፣ ለአክስትሽም እሺ አትበይ።

ትራንዚተር ከዚራ፦ አቦ፣ ስለ ትራንዚት እኔ ልመልስ። ሥራው ሁለት መልክ አለው። አንዱ ውጭ ነው፦ ጉምሩክ መመላለስ፣ ከፈታሽ ጋር መነጋገር፣ ሾፌር መፈለግ፣ ጅቡቲ መደወል። ለእሱ አንደበተኛ ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጠረጴዛ ነው፦ ኢንቮይስ (የሽያጭ ደረሰኝ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የዕቃ ዝርዝር)ና ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ጎን ለጎን አስቀምጦ ኪሎውን፣ የካርቶን ብዛቱን፣ ቀረጥ የሚወሰንበትን ታሪፍ ቁጥር ማመሳከር፣ ከዚያ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ ማዘጋጀት። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ዕቃው ቆሞ ይቀራል፣ የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል። እኛ ቢሮ ይህን የያዘችው ልጅ ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል አትናገርም፤ እሷ ከሌለች ግን ሁላችንም እንጨነቃለን። ያንን የጎደለ ካዝና ፍለጋሽን ሳነብ እሷን ነው ያስታወስሽኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁሌ ጸጥታ የለም። ዕቃ ሲያዝ ነጋዴው ቢሮ ድረስ መጥቶ ይጮሃል። ሥራው ግን ድሬ ላይ አለ፤ ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ራስሽን ችለሽ ለመሥራት የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ ይጠየቃል፤ እሱ በኋላ ይደርሳል።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ሌላ ሳትይዢ እንዳትለቂ። መጀመሪያ እዚያው ባንክሽ ውስጥ የሚወጣውን የውስጥ ማስታወቂያ ተከታተዪ፤ ኦዲትም፣ ሒሳብ ማስታረቅም ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለ ሥራ ነው። ለሥራ አስኪያጅሽ "ደከመኝ" ከማለት "ሒሳብ ማመሳከር ላይ ልሥራ" ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልቀቅ ካለብሽም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። ውልሽን አውጥተሽ ዋስትናና የሥልጠና ግዴታ እንዳለበት አንብቢ።

የሳቢያኗ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጠይቁን ሠራሁት፤ መዝገብና ሥርዓት አንደኛ፣ ምርመራ ሁለተኛ ወጣ። ሐረርጌዋ እህቴ፣ ጥያቄሽን አሰብኩበት፤ የጎረቤት ልጆች ሳስጠና አይደክመኝም፣ ስለዚህ እንግዳው ነው። ቢሆንም ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት መቆም አሁን አይታየኝም። አባባ፣ ደብዳቤውን ነገ አስገባለሁ። ትራንዚተር ወንድሜ፣ አንድ ቀን መጥቼ ከልጅቷ ጎን ብቀመጥ ይቻላል?

ትራንዚተር ከዚራ፦ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነይ፣ አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የደንበኛ ሰነድ ስለሆነ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ ደብተር ያዢ። እስከ ምሳ ቆዪ፣ ዕቃ የተያዘበት ነጋዴ ሲመጣም እንድታዪው እፈልጋለሁ።