የ2002 ኤፍ-150 ላይ ፒ0401 እየተሰረዘ ይመለሳል፤ ኢጂአር ቫልቩ ተቀይሯል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው የ2002 ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ ነው፣ ሞተሩ 4.6 ሊትር ቪ8። የኮምፒውተሩ የብልሽት ኮድ ፒ0401፣ የኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ሥርዓት) ፍሰት ማነስ። ቫልቩ በአዲስ ተቀይሮ ኮዱ ቢሰረዝም ቼክ ኢንጅን መብራቱ ተመልሶ በራ። ሌላ ኮድ የለም፣ አነዳዱም ደህና ነው። ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ ስለሆንኩ የጭስ ምርመራው ደርሶብኛል። ሌላ ዕቃ ሳልገዛ ከየት ልጀምር?

ካቻቢቴ፦
ወንድሜ፣ ይህ ኮድ ቫልቩ ተበላሽቷል አይልም። ኮምፒውተሩ ቫልቩ እንዲከፈት አዞ የጠበቀውን ፍሰት አላየም ማለት ነው፤ ፍሰቱን የሚያይበት ዓይን ደግሞ ዲፒኤፍኢ ሴንሰሩ ነው። ከጭስ ማውጫው ወደ ቫልቩ በሚመጣው የብረት ቧንቧ ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ለሴንሰሩ ያደርሱለታል፣ እሱም ልዩነቱን በቮልት ያሳውቃል።

የእጅ ቫኪዩም ፓምፕና መልቲሜትር ይበቃሃል። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ኦን አድርገህ የሴንሰሩን የሲግናል ሽቦ ለካ፦ የብረት ሽፋን ያለው ግማሽ ቮልት አካባቢ፣ ፕላስቲኩ 1 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩን አስነስተህ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ስትለካ ቁጥሩ ያው መሆን አለበት፤ ቫልቩ ዝግ ነውና።

ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ የቫልቩን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለህ ፓምፑን ግጠምና ቀስ እያልክ በፓምፑ ጌጅ እስከ 10 ኢንች ሳብ። ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋና ቮልቱም ከወጣ፣ ቫልቩ፣ መተላለፊያውና ሴንሰሩ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ቫኪዩሙን በሚያቀብለው ሶሌኖይድ (ኢቪአር)፣ በሽቦው ወይም በቱቦው ነው። የሶሌኖይዱ መጠምጠሚያ ከ26 እስከ 40 ኦም መስጠት አለበት። ተንቀጥቅጦ ቮልቱ ካልተነቃነቀ ሴንሰሩን ወይም ቱቦዎቹን ጠርጥር። ቫኪዩሙን ይዞ ምንም ካልተንቀጠቀጠ ግን ጥላሸት ነው። በዚህ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚደፈነው ከትሮትል ቦዲው (የሞተሩ የአየር መግቢያ በር) ኋላ ያለው ክርን (የታጠፈው የአየር ቧንቧ) ውስጥ የሚገባው ቀዳዳ ነው። ክርኑን አውርደህ ፋቀው፤ ፍርፋሪው ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ እንዳይወድቅ አፉን በጨርቅ ድፈን፣ ስትመልሰው አዲስ ጋስኬት አድርግ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞተሩ በ5 ኢንች አካባቢ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ቮልቱ ግን ከ0.95 አልተነሳም።

ሚኒሞ፦
እንግዲያው ቫልቩም ክርኑም ነጻ ናቸው። ሴንሰሩን ከመግዛትህ በፊት ሁለቱን ቱቦዎች ንቀል። ሙቀት ከታች በኩል ስለሚያቃጥላቸው ከላይ ደህና መስለው ከሥር ይሰነጠቃሉ። ስትተካቸው ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቱቦ ይሁን፤ ተራ የቫኪዩም ጎማ እዚያ ቦታ ይቀልጣል። የሴንሰሩ ሁለት አፎች ውፍረታቸው የተለያየ የሆነው እንዳይቀያየሩ ነው፣ በግድ አታስገባ። ቧንቧው ላይ ያሉትን ሁለት ጫፎችም፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በቀጭን ሽቦ ጥረጋቸው፤ አንዱ እንኳ ቢደፈን ሴንሰሩ አይሠራም።

ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ቱቦዎቹን ከሴንሰሩ ነቅለህ፣ ቁልፉ ኦን ሆኖ፣ ወደ ቫልቩ በሚሄደው በኩል ያለውን አፍ በፓምፑ በጣም በቀስታ ሳብ። ቮልቱ መውጣት፣ ስትለቀው ወዲያው መመለስ አለበት። ካልወጣ ሶኬቱ ላይ 5 ቮልትና ግራውንድ መኖራቸውን አረጋግጥ፤ ካሉ ሴንሰሩ ሞቷል። ውስጡ እርጥበት ይዞ መበላሸት በእነዚህ ሴንሰሮች የተለመደ ነው።

ካቻቢቴ፦
አንድ ልጨምር። ጥገናው እንዳለቀ ኮዱን ሰርዘህ በቀጥታ ወደ ምርመራ አትሂድ። ኮድ ሲሰረዝም ሆነ ባትሪ ሲነቀል የኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻዎች ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ከ2001 ወዲህ ላለ መኪና ያላለቀ ፍተሻ የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይመልሱሃል። የኢጂአሩ ፍተሻ ሞተሩ ሞቆ በሃይዌይ እኩል ፍጥነት ይዘህ ስትነዳ ነው የሚጠናቀቀው። ስካነሩ ላይ ኢጂአር «ዝግጁ» ካለና ኮዱ ገና ባልጸኑት ኮዶች (ፔንዲንግ) ዝርዝር ውስጥም ካልታየ ያኔ ሂድ። መብራቱ የሚበራው ጥፋቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታይ ስለሆነ፣ ዛሬ አለመብራቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንህም።