ለካርድና ለባነር ዲዛይን ሞኒተር ልገዛ ነው፤ 24 ወይስ 27 ኢንች?

የፒያሳዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የዲዛይን ቤት አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ደብዳቤ፣ ሲቪና ኤክሴል ነው፤ ከሰዓት የሠርግ ካርድ፣ የምስክር ወረቀትና ባነር። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ የቲሸርት ሥራ ይጎርፋል። ያለኝ ሞኒተር አሮጌ 19 ኢንች ነው፤ ቀና ብዬ ሳየውና ጎንበስ ብዬ ሳየው ቀለሙ ይለያያል። ባለፈው ደማቅ አረንጓዴ ባነር ሠርቼ ማተሚያ ቤት ብልከው ደብዝዞ መጣ፣ ደንበኛዬም አኮረፈች።

ኮምፒውተሬ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፣ ኮር አይ ፋይቭ 4ኛ ትውልድ። ከኋላው ለሞኒተር መሰኪያ ቪጂኤና ሁለት ዲስፕሌይፖርት አለው፤ ኤችዲኤምአይ የለውም። አንድ ሱቅ «27 ኢንች፣ ጎባጣ ስክሪን፣ 165 ኸርዝ፣ ፉል ኤችዲ፤ ለዲዛይን ከዚህ የሚበልጥ የለም» አሉኝ። እውነት ነው?

የአዘዞ ልጅ

እታለም፣ ለአንቺ ሥራ አይሆንም። 165 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 165 ጊዜ መታደሱ፣ የጌም ተጫዋች ጉዳይ ነው፤ ካርድ ለምትሠራ ሰው 60 ይበቃታል። ጎባጣው ደግሞ የምስክር ወረቀት ጠርዝ ስታሰምሪ ቀጥታው መስመር የታጠፈ ይመስልሻል።

ዋናው ችግር ግን ፉል ኤችዲን፣ ማለትም 1920 በ1080 ፒክስልን (የምስል ነጥብን)፣ 27 ኢንች ላይ መዘርጋቱ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 82 ገደማ ፒክስል ብቻ ይገኛል። ያው ፉል ኤችዲ 24 ኢንች ላይ 92 ይሆናል፤ 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 ከሆነ ደግሞ 109 ገደማ። ይህ በፊደላችን ላይ ወዲያው ይታያል። ቡ እና ቢ፣ ሉ እና ሊ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ በ9 ፖይንት የተጻፈ የጥሪ ካርድ ላይ ያቺ ጭረት ከደበዘዘች ስሕተቱን የምታገኚው ከታተመ በኋላ ነው።

ስለዚህ 24 ከሆነ ፉል ኤችዲ፣ 27 ከሆነ 2560 በ1440። ከዚህ ውጭ ያለውን እለፊው።

ማራኪ ሰፈር

እኔ ጎባጣ አለኝ፣ ፊልም ሲታይበት ግሩም ነው። ጥቁሩ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው። ያን ያህል አታጣጥሉት።

የአዘዞ ልጅ

ለፊልም አልተጣላንም ወንድም ዓለም። ጎባጣዎቹ አብዛኞቹ ቪኤ የሚባለው የፓነል ዓይነት ናቸው፤ ንፅፅራቸው (የነጩና የጥቁሩ ልዩነት) 3000 ለ1 አካባቢ ነው፣ አይፒኤስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ወደ 1000 ለ1 ነው። ጥቁሩ ያማረው ለዚያ ነው። ግን ቪኤን ከጎን ስታየው ቀለሙ ይገረጣል፤ ደንበኛ ደግሞ ሁልጊዜም ከጎን ቆሞ ነው «ይቺን ቀይ ትንሽ ጠቆር አድርጊልኝ» የሚለው።

ባነር አታሚ

የአረንጓዴዋን ነገር ልናገር፣ እኛ ጋ በየሳምንቱ የሚመጣ ክርክር ነው። እህቴ፣ ሞኒተርሽን ብትቀይሪም ያ አረንጓዴ አይታተምም። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፣ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ማተሚያ ግን በሚቀባ ቀለም (በኢንክ) ነው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። የሚያበራ አረንጓዴ፣ ብርቱ ሰማያዊና ብርቱካን በኢንክ ሊደረስባቸው አይቻልም፤ ማሽኑ የሚቀርበውን ያወጣል፣ ያም የደበዘዘ ይመስላል። ፋይሉን ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በእነዚህ በአራቱ የማተሚያ ቀለማት፣ ክፈቺው፤ ከመላክሽ በፊት አረንጓዴዋ ምን እንደምትመስል ለደንበኛዋ አሳዪያት። ኩርፊያው እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው ነገር የስክሪኑ ብርሃን ነው። ሰው ሁሉ ብራይትነሱን ጥግ አድርሶ ይሠራል፤ ከዚያ «ሕትመቱ ጠቆረ» ብሎ ይመጣል። ወረቀት አያበራም! ነጭ ወረቀት ከሞኒተሩ አጠገብ ያዢና የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰል ዝቅ አድርጊው። በመስኮት ትይዩ አታስቀምጪው፣ ጎኑን ለመስኮቱ ስጪው። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨውን ማጣሪያም ዲዛይን ስትሠሪ አጥፊው፤ እሱ በርቶ የተመረጠ ክሬም ቀለም ጠዋት ሲታይ ሌላ ነው።

ስትገዢ ኤስአርጂቢን፣ ማለትም ሞኒተሩ ከተለመደው የስክሪን ቀለም ክልል ስንት በመቶ እንደሚያሳይ፣ ጠይቂ። 99 ወይም 100 በመቶ የሚል ይሻላል። አንዳንዱ ካርቶን በሌላ የቀለም መለኪያ «45% ኤንቲኤስሲ» ይላል፤ ይህ ከኤስአርጂቢ ወደ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው፣ ተዪው። «72% ኤንቲኤስሲ» ከሆነ ኤስአርጂቢን ይሞላል ለማለት ይቀርባል። ከኤስአርጂቢ የሚሰፋውን አዶቤ አርጂቢ የሚሸፍን ውድ ሞኒተር ግን ለባነርና ለሠርግ ካርድ ገንዘብ መበተን ነው።

ሽማግሌው ጠጋኝ

ልጄ፣ «ኤልኢዲ ነው» ሲሉሽ አትታለዪ። ኤልኢዲ ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው፤ የፓነሉን ዓይነት አይነግርሽም። ቲኤን የሚባለው የፓነል ዓይነትም ኤልኢዲ ነው፣ አይፒኤስም ኤልኢዲ ነው። ያንቺ 19 ኢንች ጎንበስ ስትዪ ቀለሙ የሚገለበጠው ቲኤን ስለሆነ ይመስለኛል። ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ሙሉውን ጽፈሽ በስልክሽ ፈልጊ፣ ዓይነቱ ይወጣል።

ያገለገለ ብትገዢ አልከፋም። ከውጭ ቢሮዎች የሚመጡት ዴልና ኤችፒ ውስጥ ጥሩ አይፒኤስ አለ። እኔ የምወደው 1920 በ1200 የሆነውን፣ ቁመቱ ረዘም ያለውን 24 ኢንች ነው፤ ዴል ዩ2412ኤም ለምሳሌ እንደዚያ ነው። ቁመቱ 32 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ኤ4 ወረቀት በልኩ ቆሞ ይገባበታል፣ ከላይ ለሜኑ ቦታ ተርፎ። ሰፊው ፉል ኤችዲ 24 ኢንች ቁመቱ 30 ገደማ ነው፤ ኤ4 29.7 ስለሆነ አንገቱ ይጨነቃል።

ሱቁ ውስጥ አስከፍተሽ ሙሉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል እየቀያየርሽ እዪ። የሞተ ነጥብ በዚያ ይታያል። ነጩ ወደ ቢጫ ካደላ ወይም አንድ ጥጉ ከጠቆረ መብራቱ አርጅቷል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ፤ ሲሞቅ የሚያርገበግብ አለ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሶኬቱን ንቀዪ። ጉዳቱ የሚመጣው ሲጠፋ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ካለሽ ሞኒተሩንም እዚያ ላይ ሰኪው፤ 24 ኢንች ከ20 እስከ 30 ዋት ነው የሚወስድ፣ ሸክም አይሆንበትም።

ማራኪ ሰፈር

ከአዲስ አበባ የምታስመጪ ከሆነ ከነካርቶኑና ከነፎሙ ቆሞ ይምጣ። በጀርባው ተኝቶ ሻንጣ ከላዩ ከተጫነበት ፓነሉ ይሰነጠቃል፤ ዋስትና ደግሞ ስብራትን አይሸፍንም።

የፒያሳዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉኝን ባለ 1200 ቁመት አይፒኤስ አዘዞ መንገድ ላይ ያለ አንድ ሱቅ አገኘሁት። ከ27ቱ ባለ 1440 ጋር ሲተያይ ዋጋው ግማሽ አይሞላም። በዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያ ልሰካው ወይስ በቪጂኤ?

የአዘዞ ልጅ

በሁለቱም አይደለም። ሞኒተሩ ራሱ ዲስፕሌይፖርት ካለው ከዲስፕሌይፖርት ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚሄድ ገመድ ግዢ። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ጽሑፉን ያለሰልሰዋል። ርካሹ መቀየሪያ 1920 በ1200 ድረስ ያደርሳል፣ ከዚያ በላይ ላይሄድ ይችላል፤ ነገ 27ቱን ስትገዢ እንደገና ገመድ ፍለጋ ትገቢያለሽ።

ሽማግሌው ጠጋኝ

ገመዱን ስትነቅዪ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫኚ እንጂ አትጎትቺው። ስንቱ ሶኬቱን ከነቦርዱ ገንጥሎ መጥቶብኛል!